ሳይመረመር የወረደው ካምቢዮ

በደሴ ከተማ ለሚገኘው ጋራዥ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ ምርመራ የተከፈለ ገንዘብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

በአውሮፓ አቆጣጠር የ1994 ሞዴል የሆነችውን ቶዮታ ሂሉክስ ሰርፍ መኪናዬን ወደ ጋራዣችሁ ያመጣኋት አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ማርሽ ሲቀይር እየመታ ስላስቸገረኝና ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ ዲ ኦፍ» (የከፍተኛው ማርሽ መዘጋት) የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ስለጀመረ ነበር። መካኒካችሁ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዞ አየና «ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት» አለኝ። የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው ግን ሞተሩ ሞቆና እየሠራ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ሌላ ምርመራ አልተደረገም። ካምቢዮው ወረደ፣ ተፈታ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ተቀየሩ። ለእጅ ዋጋ 28,000 ብር፣ ለመለዋወጫው ደግሞ ለብቻው ከፈልሁ፤ ደረሰኞቹን አያይዣለሁ።

ዘይቱ ሲፈስ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቀይ ነው፣ የተቃጠለ ሽታም የለውም። ፍሪሲዮኑ የነደደ ካምቢዮ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይሸታልም። ይህንኑ ስጠይቅ «ሥራውን ለእኛ ተወው» ተባልሁ።

መኪናዬን ስረከብ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ቤተሰቤን ጭኜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ካምቢዮው በኃይል መታና መኪናዋ ጉልበት አጣች፤ መብራቱም ያንኑ ብልጭታውን ጀመረ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ500 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ጥምዝምዝ ነው። ከኋላዬ የጭነት መኪና እየመጣ ዳገቱ መሀል አቅም አጥቶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከዚያ በኋላ ያየልኝ የኮምቦልቻ መካኒክ አንድም ብሎን ሳይፈታ ኮፈኑን ከፈተና በመመርመሪያው ሶኬት ላይ «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የሚባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኘ። ቁልፉን ሲከፍት መብራቱ ስድስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ቆየና ሁለት ጊዜ ደገመ። የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ 62 ማለት ነው፤ ማርሽ የሚያስቀይረው የመጀመሪያው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጧል ወይም ሾርት አድርጓል። የሶሌኖይዱን የኤሌክትሪክ መቋቋም ሲለካ 13 ኦም አሳየ፤ ጤነኛው ከ11 እስከ 15 ስለሆነ ችግሩ እሱ ጋ አልነበረም። ሽቦውን በእጁ እየዳሰሰ ሲከተል የጭስ ማውጫው ቧንቧ አጠገብ ሽፋኑ ቀልጦ መዳቡ ሊበጠስ የደረሰበትን ቦታ አገኘ። ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ያ ሶሌኖይድ ሲቋረጥ ደግሞ መኪናዋ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ታጣለች፤ ዳገት ላይ ከቆመችበት በሦስተኛ ልነሣ የምትለው ለዚህ ነው። ሽቦው ተበየደ፣ ከቧንቧው ርቆ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ መብራቱም አልበራ፣ ማርሹም አልመታ።

ካምቢዮውን ስታወርዱም ስትመልሱም ያ ሽቦ በእጃችሁ አልፏል። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ግን የመብራቱ መጥፋት ነው። ባትሪ ሲነቀል ኮምፒውተሩ የመዘገበው ኮድ ይሰረዛል፣ መብራቱም ለጊዜው ይጠፋል። የእኔም የጠፋው እንዲሁ እንጂ ተጠግኖ አልነበረም፤ እናንተ ግን «ተሠርቷል» ብላችሁ አስረከባችሁኝ። አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ያለውን አሟጦ ነው የሚያሠራው፤ በመብራት መጥፋት ሊሸኝ አይገባውም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ የከፈልሁት የእጅ ዋጋ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ ተቃጠሉ የተባሉት ዲስኮች ዓይኔ እያየ እንዲቀርቡና ጤነኛ ሆነው ከተገኙም የመለዋወጫው ገንዘብ አብሮ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህም የማንም ደንበኛ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ኮዱ ተነብቦ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው እፈልጋለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁኝ አቤቱታዬን ከደረሰኞቹና ከሁለተኛው መካኒክ የጽሑፍ ማስረጃ ጋር ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት፣ ደሴ