የማርሽ ብዛት ብቻውን ነዳጅ አይቆጥብም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የመኪና ዓምዳችሁ «ማርሹ በበዛ ቁጥር መኪናዋ ነዳጅ ትቆጥባለች» ብሎ ሲመክር አነበብኩ። ሥራዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ አውርዶ መፍታትና መግጠም ነው። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ።

ከእውነቱ ልጀምር። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በደንብ ሥራ ላይ የሚያውለው ዝቅ ባለ የሞተር ዙር ጠንከር ያለ ጭነት ሲይዝ ነው። ዙሩ ከፍ ብሎ ጭነቱ ሲቀልለት የአየር ማስገቢያው በር ይጠብባል። ያኔ ሞተሩ አየር ለመሳብ ብቻ ይለፋል። ከላይ ተጨማሪ ማርሽ ካለ ዙሩ ይወርዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ብዙዎቹ የድሮ ባለ 4 ማርሽ መኪኖች በደቂቃ 2,500 ዙር አካባቢና ከዚያም በላይ ይጮሃሉ። ብዙዎቹ ባለ 8 ማርሾች ደግሞ ከ2,000 በታች ናቸው።

ግን ቁጠባው ሁሉ ከዚህ አይመጣም። ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ እንውሰድ። ኩባንያው ከቀደመው ባለ 6 ማርሽ በ6 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይቀንሳል ብሎ ነበር። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ፈትታችሁ ብታዩ፣ የሁለቱም ሆድ ውስጥ እየያዙና እየለቀቁ ማርሽ የሚቀያይሩ 5 የሸራ ስብስቦች ናቸው ያሉት። በባለ 6 ማርሹ ሁልጊዜ 3ቱ ላልተው ይሽከረከራሉ። በባለ 8ቱ የሚላሉት 2 ብቻ ናቸው። የላላ ሸራ ዘይት ውስጥ እየዋኘ ጉልበት ይበላል። ይሄን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም፤ በር ላይ የሚለጠፈው ቁጥር አይደለማ!

ቶርክ ኮንቨርተሩም አለ። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው በዘይት ስለሆነ ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አዳዲሶቹ ካምቢዮዎች ውስጡ ያለውን መቆለፊያ ቶሎ፣ ገና በዝቅተኛ ፍጥነት ይቆልፉታል፤ ሲቆለፍ መንሸራተቱ ይቀራል። የማርሽ ቁጥር የማይቀየርበት ቁጠባ ማለት ይሄ ነው።

ደግሞስ የማርሽ ብዛት ሁሉንም ነገር የሚወስን ቢሆን፣ በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው፣ ጭራሽ እርከን የሌለው ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ሁሉንም በበለጠ ነበር። እሱም ቀበቶውን ጨምቆ ለመያዝ ፓምፑ ጉልበት ይወስዳል። ነጻ የሚባል ነገር የለም።

ከመብራት መብራት እየቆመ ለሚነዳ ሰው 7ኛና 8ኛው ማርሽ ምን ይሠሩለታል? አይደርስባቸውም እኮ። ነዳጁ የሚያልቀው መኪናዋን ከቆመችበት ለማስነሳት ነው፤ ያ ሁሉ ጉልበት መልሶ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እዚያ የሚረዳው ከቤንዚን ሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ሃይብሪድ ነው፤ ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል።

ዓምዱ ስለ ካምቢዮ ዘይት አንድም ቃል አለመጻፉ ደግሞ ገርሞኛል። «የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» የተባለለት መኪና ወደ እኔ ሲመጣ ዘይቱ ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ሸራ ሸትቶ ነው። መቆለፊያው በደንብ አይዝም፤ መኪናዋም ነዳጅ ትጠጣለች። ዜድ ኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ቀይሩ ይላል።

ዓምደኛችሁን አንድ ነገር ልለምን። ቀጣዩን መኪና ሲገመግም ከማርሹ ቁጥር ጎን፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተሩ በስንት ዙር እንደሚሄድ ይጻፍልን።

አንድ የካምቢዮ መካኒክ