የብስክሌቱ መንገድ ይለቀቅልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የማይነዳ ልጅ ብርቅ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ፔዳል አልረገጥኩም። ባለፈው ጥቅምት፣ በ47 ዓመቴ፣ ሐኪሜ «ስኳርህ ዳር ዳር እያለ ነው» ሲለኝ ያገለገለች ብስክሌት ገዛሁ።

የመጀመሪያውን ቀን አያድርስ! ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስወጣ መሀል ላይ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። አንድ ሊስትሮ «አባባ፣ ልግፋልዎት?» አለኝ። ከጉልበቴ በላይ ያመመኝ «አባባ» መባሉ ነው።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት እወጣለሁ። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ማቅለልን ተምሬያለሁ። ልጄ ደግሞ ትራያትሎን ሞክር ትለኛለች፤ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ብስክሌት፣ 10 ሩጫ። ዋናውን ጣና አስተምሮኛል። የሚያስፈራኝ ሩጫው ነው፣ ያውም በሯጮች አገር።

የጻፍኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። በኮሪደር ልማት በተሠራው የብስክሌት መንገድ ላይ መኪና ይቆማል፣ ሞተርም ይነዳበታል። ባለፈው ሳምንት የቆመ መኪና በር ድንገት ተከፍቶ ጣለኝ። ክርኔ ተላጠ፣ የፊት ቸርኬዬ ተጣመመ። ሹፌሩ ይቅርታ በማለት ፈንታ «መንገዱ የማን ሆነና?» አለኝ። አስፋልቱ ላይ የተሣለው እኮ ብስክሌት ነው!

ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞችም ነበሯት። ትራፊክ ፖሊሶች ቢያንስ ጠዋት ጠዋት መስመሩን ያስለቅቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ