ስለ ሥሙኒሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ አዳማ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ የተነሳሁትን ፎቶ አይተሽ «ልጄን ጉድጓድ ያስቆፍሩታል» ብለሽ ማልቀስሽን ማሙሽ ነገረኝ። ኧረ ሥራዬን አልቀየርኩም! ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቴ ሽማግሌ ጋር የድሮ ሳንቲም ፍለጋ እየወጣሁ ነው።

ማሽኑ ባንክ በር ላይ ጥበቃው ሰውነትሽ ላይ የሚያዞረው ዓይነት ነው፤ ይሄኛው ግን ዘንግ አለው፣ ጫፉም ላይ ትንሽ ሰፌድ የሚያህል ክብ ነገር። ክቡ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲሄድበት ከሥሩ ያለው ብረት ሁሉ መልስ ይሰጠዋል፣ መልሱን በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። ሚስማር ከሆነ ጎርናና ድምፅ፣ ብር ከሆነ ቀጭንና ጥርት ያለ። የሚያናድደው የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ነው፤ በሁለቱ መሐል ባለ ድምፅ ይጮህና ወርቅ መስሎሽ ትቆፍሪያለሽ።

የምንሄድበት ሜዳ ድሮ በየዓመቱ ገበሬው ከብትና ዱባ ይዞ የሚወዳደርበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት ባዛር ነበር። ዛሬ ሣር ብቻ ነው። ባለመሬቱን አስፈቅደን ነው የምንገባው። ሽማግሌው በቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ዛፎች ወሰደኝ። «ሳንቲም የሚጥለው ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ነው» አለኝ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ አሥራ አንድ የጣሳ መክፈቻ ለቀምኩ። ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። ሣሩን በሦስት ጎን ቆርጬ እንደ ክዳን ገለበጥኩት፤ ስንዝር ሳልቆፍር አፈር ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ብልጭ አለ። በሸሚዜ ልወለውላት ስል ሽማግሌው እጄን ያዘው፤ ጭረት ዋጋዋን ይገድላል። በውኃ ብቻ አጠብኳት። የአሜሪካ አሥር ሳንቲም ናት፣ እ.ኤ.አ. 1944 የሚል አለባት። ብሯ 2.25 ግራም ብቻ ስለሆነ ሀብታም ሆነ ብለሽ እንዳታወሪ።

ከኋላዋ የት እንደተመታች የሚናገረው ፊደል የላትም፤ ፊላዴልፊያ የተመታች ናት ማለት ነው። ይህን ሳነብ አንቺ ትዝ አልሽኝ። የጃንሆይ መልክ ያለባት፣ ጠርዟ እንደ አበባ የተከረከመችው ሥሙኒሽም እዚያው ፊላዴልፊያ ነው የተመታችው! ላይዋ ላይ ፲፱፻፴፮ ብትልም የተመታችው ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አልቀየሩትም። መጀመሪያ ክብ ሆና ወጥታ ከሽልንግ፣ ከሃምሳ ሳንቲሙ ማለቴ ነው፣ ጋር እየተምታታች አስቸገረች፤ ጠርዟ የተከረከመው ለዚያ ነው።

ባቡር ጣቢያ ብርቱካን ስትሸጪ ባቡሩ ተንቀሳቅሶ፣ ሰውየው በመስኮት የወረወረልሽ ሥሙኒ ሐዲዱ ሥር ጠጠር ውስጥ የገባውን አስታወሽ? አያቴ የገረፈችሽን? ስንት ጊዜ ነግረሽን ስቀናል። እዚያ ሜዳ ላይ ተንበርክኬ ግን አልሳቅኩም።

ማሙሽ ማሽኑን ላክልኝ፣ አሮጌው ጣቢያ ሄጄ ልፈልግ እያለ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ ስንት መንገደኛ እንደወጣ እንደወረደ ሳስበው እኔንም ያጓጓኛል፤ አልዋሽሽም። ግን አልልክለትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ ሳያስበው ያገኘም ሰው ማሳወቅ አለበት። «ሰው ሁሉ ይቆፍራል» ይልሻል፤ አትስሚው። ለትምህርቱ የሚሆን ብር በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።

እስቲ ለራሴ ልወቀው፤ ሥሙኒዋ የገባችው በቲኬት መቁረጫው በኩል ነው ወይስ ከዛፎቹ ወዲያ? ስትደውዪ ንገሪኝ።

ልጅሽ