ስሙን ከነአያቱ ጻፊ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደሴ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ግን ዘንድሮ ጉድ ነው።

በስልክ ስለ ሕግ ትምህርትሽ፣ በጦርነት ጊዜ ሲቪሎችን ስለሚጠብቀው ስለ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ስታወሪኝ አንቀጽ 78 ላይ ቆየሽ። ወራሪ ጦር ሲቪሉን ለጸጥታው የግድ ካልሆነበት ያለ ክስ ማሰር አይችልም፤ ይግባኝም አለ። ጥሩ። አንቀጽ 106ን ግን ዘለልሽው። ሰው ካምፕ በገባ ቢበዛ በሳምንቱ ለቤተሰቡ ካርድ ይልካል፤ መታሰሩን፣ አድራሻውን፣ ጤናውን። ትንሽ ነገር ትመስላለች አይደል?

የአያቴ ታላቅ ወንድም የተወሰደው በ1929 ነው። ጣሊያን ደሴን ከያዘ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከየካቲት 12 ወዲህ ደግሞ ለመታሰር ጥፋት አያስፈልግም ነበር። ካሚዮን ላይ ሲጫን ያየው አለ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። አንዱ ሞቃዲሾ አጠገብ ካለው የጣሊያን እስረኞች ካምፕ፣ ዳናኔ ነው ይላል፣ ሌላው ቀይ ባሕር ላይ ዳህላክ፣ ኖኩራ ደሴት እስር ቤት ነው ይላል። ሰደቃ ይውጣለት ሲባል አያቴ «በቁሙ?» ብላ እንቢ አለች። ሚስቱ ባል አላት እንዳይባል የለም፣ የለም እንዳይባል አልሞተም። መሬቱም ሳይከፈል ኖረ።

ጣሊያን ሲወጣ አያቴ ከዳናኔ የተመለሰ አንድ ሰው አገኘች። «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው» አለችው።

«እዚያ ሁላችንም አጥንት ነበርን፣ በመልክ ማን ይለያል? ስሙ ማነው?»

«መሐመድ።»

«ስንት መሐመድ ነበረ መሰለሽ!»

የአባቷንና የአያቷን ስም ጨመረችለት። «እሱን ማን ጠይቆ፣ ማን መዝግቦ» አላት።

ያንቺ ሕግ የወጣው በ1941 ነው፤ አልደረሰለትም። በ2014 ከተማችን በህወሓት ኃይሎች ስትያዝም ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ ማን የት እንዳለ መጠየቂያ አልነበረም። (ፈተና ላይ እንዳትሳሳቺ፣ የአገር ውስጥ ጦርነት በዋናነት የሚዳኘው አራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች በሚጋሩት፣ በጋራ አንቀጽ 3 ነው፤ 106ን እዚያ እንዳትጠቅሺ።)

ነገ ጠበቃ ስትሆኚ «ልጄን ወሰዱብኝ» የምትል እናት ብትመጣብሽ፣ ክርክሩ ይቆይሽ። መጀመሪያ ስሙን ከነአያቱ ጻፊ። መቼ፣ ከየት፣ እነማን ወሰዱት፣ ምን ለብሶ ነበር። ከዚያ ቀይ መስቀል ይዘሻት ሂጂ፤ የጠፋ ሰው ያፈላልጋሉ። ፌስቡክ ላይ ግን ቤተሰቡ ሳይፈቅድ እንዳትለጥፊ። ስሙ መውጣቱ የሚያስመታው እስረኛም አለ።

እናትሽ በሶና በርበሬ ልካለች። ሹፌሩ ሲደርስ ይደውልልሻል፣ ስልክሽን እንዳትዘጊ።

አባትሽ