ቢኒ ስለ አባዬ ነው

ቢኒዬ እንዴት ነህ? አውቃለሁ ጠፍቻለሁ፣ የሰርግህን ፎቶ እንኳን ላይክ አድርጌ ነው ያለፍኩት፣ ስመጣ በደንብ ትሰድበኛለህ፣ አሁን ግን ቸግሮኝ ነው የጻፍኩልህ።

አባዬ ስኳሩ እግሩ ላይ ወጣበት። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ጠቆረ አሉ፣ አሁን ከጉልበት በታች ይቆረጥ ተባለ፣ እሱ ደግሞ "ጎዶሎ ሆኜ አልቀበርም" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እማዬ አለቀሰች፣ የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ መጡ፣ ወይ ፍንክች። አንተን ግን ይሰማሃል፣ ዳማ ላይ ስንቴ እንዳጭበረበርከው እስካሁን ስለማያውቅ (አልነገርኩትም፣ ውለታዬን አስብ)።

እባክህ ምክር እንዳትመክረው፣ ምክር ሲሰማ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ወሬ አውራው። ወሬውንም ይዤልሃለሁ፣ እዚህ ዱባይ አብሮኝ የሚሰራ የህንድ፣ የቢሃር ክፍለ ሀገር ሰው ነግሮኝ ከዛ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ሳነብ ከረምኩ። ኩንዋር ሲንግ ይባላል፣ ቢሃር ውስጥ የጃግዲሽፑር ባላባት ነው፣ ራጅፑት ከሚባሉት የተዋጊ ዘሮች። በፈረንጅ 1857 የህንድ ወታደሮች አገሩን ይገዛ በነበረው የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ላይ ሲነሱ ሰውየው 80 አመት ገደማ ሆኖታል። ሰማንያ ቢኒ! ከዳናፑር የጦር ሰፈር አምጸው ለመጡት መሪ ሆነላቸው፣ እንግሊዞች ቤቱን አፈረሱበት፣ ወራት ሙሉ ከአገሩ ርቆ ሲዋጋ ቆየና በማርች 1858 አዛምጋር የሚባል ከተማ ያዘ፣ ከዛ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጋንጅስ ወንዝ ላይ ደረሱበት።

ይቺን ለአባዬ ረጋ ብለህ ንገረው፦ ጀልባ ስለሌለኝ በባሊያ በኩል በዝሆን ነው የምሻገረው ብሎ አስወራ፣ እነሱ እዛ ሲጠብቁት እሱ በሺቭፑር በኩል ሰዉን በጀልባ አሻገረ። ሲነቁ አብዛኛው አልፏል፣ ግን ጥይት ክንዱን አገኘው። እንደማይድን ሲያይ በገዛ ሰይፉ ቆርጦ ወንዙ ውስጥ ጣለው ነው የሚባለው። ከዛ በአንድ እጁ ጃግዲሽፑር ገባ፣ ኤፕሪል 23 አራ ከምትባል ከተማ የመጣበትን የእንግሊዙን የካፒቴን ሌግራንድን ጦር ጫካ ውስጥ ድባቅ መታው፣ ካፒቴኑ ሞተ፣ መድፋቸውን ጥለው ሸሹ (ጸሐዩም አግዞታል ለነገሩ፣ በሙቀት የወደቁት ብዙ ናቸው)።

አላዳምጥም ካለ ናፒየርን አንሳበት፣ ስሙን ሲሰማ እንደሚነሳ ታውቃለህ። መቅደላ የመጣው ያው ናፒየር አስር አመት ቀደም ብሎ ህንድ ውስጥ ይሄንኑ አመጽ ሲያፍን የነበረ ነው በለው፣ ጦሩንም ከቦምቤይ ነው የጫነው።

አንድ ችግር አለ ግን... እንዴት ልበልህ፣ ሰውየው ካሸነፈ በ3ኛው ቀን ሞተ። በቁስሉ። አባዬ ደግሞ "ከዛስ?" ሳይል ታሪክ አያልፍም። እዛ ጋ ስደርስ እኔም ራሴ እያለቀስኩ ነበር፣ ይሄን ለምን እንደምነግርህ አላውቅም። ብቻ እንዳትዋሸው፣ ያውቅብሃል። ያኔ አንቲባዮቲክ አልነበረም በለው፣ ሰይፉን ጨብጦ ራሱ ነው የቆረጠው፣ ያንተን እግር ግን ሐኪም አደንዝዞ ነው የሚቆርጥልህ በለው፣ ሰውየው ደግሞ ክንዱን የሰጠው ቤቱ ለመግባት ነው፣ አባዬም ቤቱ እንዲገባ ነው የምንፈልገው።

ሐኪሙ እስከ ማክሰኞ ወስኑ ብሏል። ቅዳሜ ሂድልኝ፣ ስትወጣ ደውል፣ ስራ ላይ ብሆንም አነሳለሁ፣ እምቢ ቢልም ደውል።