የበልጉ ዝናብ ሳይቀድመን፤ ለልጆቻችን መዋያ ጣሪያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የድሬ ልጆች፤

በሐምሌ መጨረሻ ነፋስ የቀላቀለው ዝናብ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆቻችን የሚውሉበትን መዋያ ጣሪያ ገንጥሎ እንደጣለው ሰምታችኋል። ያን ሰሞን ስልካችን አላረፈም ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን መዋጮው ቀጥ አለ። ልጆቹ ደግሞ እንደ ድሮው ቤት በር ተቆልፎባቸው ይውላሉ፤ እናት ቀፊራ ገበያ ወርዳ ካልሸጠች ምን ይበላል?

"የባለፈው ብር የት ገባ?" ተብለናል። መጠየቁ ተገቢ ነው፣ አጠያየቁ ግን አንዳንዴ ያማል። መጸዳጃ ቤቱ፣ የውሃ ታንከሩና የሁለት ሞግዚቶች ደመወዝ ከእሱ ወጥቷል። ጣሪያውን በአሮጌ ቆርቆሮ የመታነው ለመቆጠብ ብለን ነው፤ ተሳስተናል። ደረሰኙ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ አለ፣ መጥታችሁ እዩ።

"አዳሪ ቤት ከሆነ በደንብ እንረዳለን" ያሉም አሉ። "አማኑኤል አይወስዷቸውም?" ያሉም አልጠፉም። አማኑኤል በጣሊያን ጊዜ ተመሥርቶ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ባለውለታ ነው። የእኛ ልጆች ግን ታክመው የሚድኑ ሕመምተኞች አይደሉም፤ መማር፣ መጫወትና ሰው መልመድ ነው የሚያስፈልጋቸው። አዳሪውን ሀብታሞቹ አገሮችም ሞክረውታል። ኒውዮርክ ውስጥ ዊሎውብሩክ የተባለው ተቋም ለ4,000 ሰው ተሠርቶ ከ6,000 በላይ ታጨቀበት። በ1972 እ.ኤ.አ. ልጆቹ ራቁታቸውን ወለል ላይ ተጥለው በቴሌቪዥን ታዩ፤ በ1987 ተዘጋ። አማኑኤልን የከፈተችልን ጣሊያን ራሷ በ1978 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎቿ እንዲዘጉ ሕግ አወጣች። በቤልጅየም ሔል ከተማ ግን ሕሙማን ከከተማው ሰው ቤት እንደ ቤተሰብ ሲኖሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፦ ጠዋት ይምጡ፣ ማታ እናታቸው ጉያ ይግቡ።

በ1998 ዓ.ም. በደረሰብን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ማን ክርስቲያን ማን ሙስሊም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አሥራትም ይሁን ዘካ፣ ስለትም ይሁን ሰደቃ፣ አንድ ቆርቆሮ ይገዛል።

ገንዘብ የሚገባው ሦስት ፈራሚ ባለው የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማኅተም ባለበት ወረቀት በመዋያው በርና በዕድሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ውጭ ያላችሁ፣ ቤተሰብ ልካችሁ አስነብቡ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሞራሌ በዓይነት ለምትሰጡ ከሰዓት በኋላ መዋያው ሰው አያጣም። በስማችን በቴሌብር የሰበሰበ ሰው ስለነበረ ደግመን እንላለን፦ በግለሰብ ቁጥር አትላኩ፤ በኮሚቴው ሒሳብ ብቻ፣ ደረሰኙንም ሳትቀበሉ አትሂዱ።

የወላጆች ኮሚቴ፣ ድሬዳዋ