ቀጭን ሽፋን ሳይቆረጥ ስለ መለካት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ኮምፒውተር ቺፕ የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ በሲሊከን ላይ የሚለበጡት የብረት ሽፋኖች ውፍረት የሚታወቀው ናሙና ቆርጦ በማየት ብቻ እንደሆነ ማስመሰሉ መታረም ያለበት ይመስለኛል። ብርሃን የማያሳልፍ ሽፋን እንኳ ሳይቆረጥ በሌዘር ሊለካ እንደሚችል በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሃምፍሪ ማሪስ፣ ያን ታውትስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሳይተዋል።

አሠራሩ ገደል አፋፍ ላይ ጮኾ የገደል ማሚቶ ከመጠበቅ ብዙም አይለይም፤ እጅግ አጭር የሌዘር ምት የሽፋኑን ገጽ በድንገት ሲያሞቀው የሚፈጠረው የድምፅ ሞገድ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ከሥር ካለው ቁስ ጋር ከሚገናኝበት ወሰን ተንጸባርቆ ሲመለስ የገጹን አንጸባራቂነት በጥቂቱ ይለውጣል፤ ዘግይቶ የሚላክ ሁለተኛ ምትም ለውጡን ያነባል። በአሉሚኒየም ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 6,400 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 100 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ውፍረት ካለው ሽፋን ማሚቶው የሚመለሰው በ31 ፒኮሰከንድ (አንድ ፒኮሰከንድ የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው) አካባቢ ነው። ሁለተኛው ምት የሚዘገየው (እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው) በሚያንጸባርቅ መስታወት የብርሃኑን መንገድ በማስረዘም ሲሆን፣ ለአንድ ፒኮሰከንድ 0.3 ሚሊሜትር ይበቃል። ሽፋኑ በደንብ ካልተጣበቀም የማሚቶው መልክ ስለሚለወጥ ጉድለቱ ይታወቃል። እርግጥ ነው፣ ውፍረቱን ለማስላት ድምፅ በዚያ ቁስ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር